ለልጅሽ የታዘዘው መርፌ አልተከለከለም፤ ማዘዣው ላይ የጎደለ ነገር አለ

እህቴ፣ እንደጻፍሽው ከሆነ ልጅሽ 7 ዓመቷ ነው። ጡቷ ቀድሞ ማጎጥጎጥ ጀመረ፤ የሆስፒታሉ የሆርሞን ሐኪም መርምሮ ያለ ዕድሜው የመጣ ጉርምስና ነው አለና ጉርምስናን የሚገታውን ትሪፕቶሬሊን የሚባል መርፌ በየ12 ሳምንቱ እንድትወጋ አዘዘ። የመጀመሪያውን እዚያው ወጓት፤ ሁለተኛውን በጂፒያችሁ (በሰፈር ሐኪማችሁ) በኩል ተባለ። ማዘዣውን ይዘሽ ስትሄጂ ፋርማሲው «ይሄ ለልጆች ታግዷል» ብሎ መለሰሽ። ከጽሑፍሽ ሥር ደግሞ አንዱ «ጾታ መቀየሪያ ነው፣ ልጅሽን አታስነኪ» አለ፣ ሌላዋ «ብትሰጪያት በሕግ ትጠየቂያለሽ» ብላ አስፈራራችሽ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ፋርማሲስት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ማዘዣ የት ላይ እንደሚሰናከል አውቃለሁ። ኢንግላንድ ውስጥ ናችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ስኮትላንድ ወይም ዌልስ ከሆናችሁ የማዘዣው አሠራር ይለያል።

እዚህ አገር በተጻፈ ማዘዣ ላይ እገዳው የሚመለከተው መድኃኒቱ የታዘዘበትን አንድ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤንኤችኤስ ኢንግላንድ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ጀንደር ዲስፎሪያ ላለባቸው፣ ማለትም የተወለዱበት ጾታና የሚሰማቸው ማንነት ባለመጣጣሙ ለሚጨነቁ ልጆች፣ ጉርምስና የሚገቱ መርፌዎችን በመደበኛ ሕክምና መስጠት አቆመ። በወሩ፣ ለልጆች የሚሰጠውን ይህን ሕክምና በኤንኤችኤስ ጥያቄ የመረመሩት የዶክተር ሂላሪ ካስ የመጨረሻ ሪፖርት ወጣ፤ ለዚያ ዓላማ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው አለ። በሜይ መጨረሻ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ቪክቶሪያ አትኪንስ የግል ሐኪሞችንም የሚጨምር አስቸኳይ እገዳ አወጡ። ተተኪያቸው ዌስ ስትሪቲንግ ደግሞ በዲሴምበር 2024 ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙት፤ በ2027 እንደገና ይታያል ተብሏል። በውሳኔው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ተከፋፍለዋል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ተቃራኒውን አቋሙን አጽንቷል። እዚህ ገጽ ላይ ያንን ክርክር መክፈት አልፈልግም። የእነዚያ ልጆች ወላጆችም እዚህ መካከላችን ሊኖሩ ይችላሉና ስድቡን ብትተዉት ደስ ይለኛል።

ያንቺ ልጅ ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት። ለሴት ልጅ ከ8 ዓመት በፊት፣ ለወንድ ከ9 ዓመት በፊት የሚጀምር ጉርምስና ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ትሪፕቶሬሊንም በዚህ አገር ለልጆች የተፈቀደው በትክክል ለዚህ ነው። ካልታከመ አጥንቷ ቶሎ በስሎ ይዘጋል። ዛሬ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ረዥም ትሆንና ነገ አጭር ሆና ትቀራለች፤ የወር አበባም በሁለተኛ ክፍል ሊመጣባት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው፦

1. የሆስፒታሉን ደብዳቤ ቅጂ እጅሽ አስገቢ። ወደ ጂፒው የተላከው ደብዳቤ ላይ አምስት ነገር መኖሩን አረጋግጪ፦ የሕመሙ ስም (ሴንትራል ፕሪኮሽየስ ፒዩበርቲ)፣ የመድኃኒቱ ስም ከነብራንዱ፣ መጠኑ፣ በስንት ሳምንት እንደሚደገም፣ የሚቀጥለው መርፌ ቀን። ብራንዱ ለምን ካልሽ፣ ዲካፔፕቲል ኤስአር 11.25 ሚሊ ግራም የሦስት ወር መርፌ ነው፤ ጎናፔፕቲል 3.75 ደግሞ የአራት ሳምንት። ሁለቱም ትሪፕቶሬሊን ናቸው። «ትሪፕቶሬሊን» ብቻ ተጽፎ የመጣ ደብዳቤ ጂፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ በተሳሳተ መስመር የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. ኤስ ኤል ኤስ (SLS)። ያንቺ ችግር እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ከጁን 26 ቀን 2024 ጀምሮ ጂፒ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የዚህን ቤተሰብ መድኃኒት (ትሪፕቶሬሊን፣ ልዩፕሮሬሊን፣ ጎሴሬሊን፣ ቡሴሬሊን፣ ናፋሬሊን፣ ጎናዶሬሊን) በኤንኤችኤስ ማዘዣ ሲጽፍ፣ ምክንያቱ ጀንደር ዲስፎሪያ አለመሆኑን ለማሳየት እነዚህን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ማዘዣው ላይ ማስፈር አለበት። ፊደላቱ ከሌሉ ፋርማሲው አይሰጥሽም። እኛ ደግሞ በእስክሪብቶ ልንጨምርልሽ አንችልም፤ የሚጽፈው ያዘዘው ሰው ብቻ ነው። በኤሌክትሮኒክ የሚላክ ከሆነም እዚያው ላይ ተሞልቶ መምጣት አለበት፤ «ቆይ ደውለን እንነግራቸዋለን» የሚባለው በቂ አይደለም፣ ማዘዣው ተሰርዞ እንደ አዲስ ይላካል።

ጂፒው ይህን አያውቅም ብለሽ አትገረሚ። እንዲህ ያለ ልጅ በዓመት አንዴም ላይገጥመው ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ ሪሴፕሽን ላይ የሚሆነው ነው። እናት መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ከኋላዋ ሰልፍ ተደርድሮ፣ «ይሄንን እኛ አንሰጥም፣ ታግዷል» ትባላለች፤ ድምፁ ደግሞ ከፍ ብሎ። የልጅ ጡት ነገር በሰው ፊት ማንሳት ለእኛ እናቶች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማን ይንገራቸው? አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ ሦስት ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ በቃል አትከራከሪ። በወረቀት ወይም በስልክሽ ይህን ጽፈሽ ለሪሴፕሽኒስቷ ስጪያት፦ ታካሚዋ ከ18 በታች ናት፣ ምርመራው ሴንትራል ፕሪኮሽየስ ፒዩበርቲ ነው፣ ማዘዣው የኤስ ኤል ኤስ ምልክት ጎድሎታል፣ የጂፒው ቤት ፋርማሲስት እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሐኪሙን ሳይሆን የጂፒ ቤቱን ፋርማሲስት ጠይቂ፤ አብዛኞቹ ጂፒዎች ዛሬ አንድ አላቸው፣ ደንቡንም እሱ ቶሎ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ፤ ትልቁን ልጅሽን አታስተርጉሚው።

እኛም ከጥፋት ነፃ አይደለንም። ካውንተር ላይ ያለው ረዳት ዜና ሰምቶ «ታግዷል» ብሎ ሲመልስ ፋርማሲስቱ ላያውቅም ይችላል። ፋርማሲስቱን ራሱን ጥሪ፣ የምክር ክፍሉ ውስጥ እናውራ በይ። ሁሉም ፋርማሲ ማለት ይቻላል አለው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ላይ የሚገኝ ስላልሆነ ማዘዣውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አስገቢ። ከ16 በታች ስለሆነች ክፍያ የለም።

ጂፒው «ኃላፊነቱን አልወስድም» ካለስ? ይችላል፤ ሸርድ ኬር የሚባለውን፣ ሆስፒታሉና ጂፒው ሕክምናውን የሚጋሩበትን ስምምነት መቀበል ግዴታው አይደለም። ያኔ እሱን ለመለመን ጊዜ አታባክኚ፣ እዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ የሆርሞን ክፍል ነርስ ደውይ። ማዘዙም መውጋቱም ወደ እነሱ ይመለሳል። ከመርፌው ቀን በፊት መደወል ነው ዋናው፤ መርፌው ሲዘገይ ሆርሞኑ ይነቃል፣ የቆመው ነገር መሄድ ይጀምራል። 12 ሳምንት የማይበቃቸው ልጆችም አሉ፣ ለእነሱ ወደ 10 ሳምንት ይቀረባል። ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ ጡቷ እንደገና ጠንከር ካለ ወይም ነጭናጫ ከሆነች ቀኑን ጽፈሽ ያዢና ለነርሷ ንገሪ።

3. የመርፌው ቀን። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ በራሱ ፈሳሽ ይበጠበጥና ወዲያው ጡንቻ ላይ ይወጋል። ቀድሞ ተበጥብጦ የቆየ ከሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ መርፌውም ይደፈናል፣ መጠኑም ይጎድላል። ነርሷ በጥብጣ ስልክ ለማንሳት ከሄደች ማሳሰብ ነውር አይደለም። ለልጅሽ የሚያደነዝዝ ክሬም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያው መርፌ ያስለቀሳት ልጅ ሁለተኛውን ታግላ ነው የምትወጋው።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነገሩ ሊብስ እንደሚችል የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። መድኃኒቱ ሆርሞኑን መጀመሪያ ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ ነው የሚያጠፋው። ጥቂት ደም ብታይ በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለነርሷ አሳውቂ፣ መርፌውን ግን በራስሽ አታቁሚ። ከሁለተኛው መርፌ በኋላም ከቀጠለ ሐኪሙ ማየት አለበት። የቁመቷ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ «ልጄን አቀጨጫት» አትበይ፤ የተፈለገው እሱ ነው። የማትታገሺው አንድ ምልክት አለ፦ የማይለቅ ራስ ምታት ከማስታወክ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር። ብርቅ ነው፣ ግን ጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊያሳይ ስለሚችል ያኑ ቀን ሐኪም ይያት።

ቫይታሚን ዲም አትርሺ። ኤንኤችኤስ ቆዳቸው ጠቆር ላለ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮ ግራም እንዲወስዱ ይመክራል፤ አጥንትን የሚነካ ሕክምና ላይ ላለች ልጅ ደግሞ ይህን አለመርሳት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከጣሊያን፣ ከስዊድን፣ ከሆላንድ ወደዚህ ለምትዘዋወሩም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠመዳልና። እገዳው ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣናና ከስዊዘርላንድ ሐኪሞች የሚመጣ የእነዚህ መድኃኒቶች ማዘዣን ከ18 በታች ላሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይከለክላል። ሮም የተጻፈውን ወረቀት ለንደን ፋርማሲ ብታቀርቡ ሕመሙ ያለ ዕድሜ ጉርምስና ቢሆንም አይሠራም። ከመምጣታችሁ በፊት አንድ መርፌ አስወጉ፤ እዚህ ስትደርሱ በዚያው ሳምንት ጂፒ ተመዝገቡ፣ የኤክስሬዩንና የደም ምርመራውን ውጤት አስተርጉማችሁ ያዙ፣ የሕፃናት ሆርሞን ክፍል ሪፈር አስደርጉ። በኢንተርኔት ወይም በሰው እጅ ማስመጣት ግን አይታሰብ፤ ከደንቡ ውጭ ማቅረብ ወንጀል ነው።

ያንቺን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበትን ቀን አልጻፍሽም። ከዚያ 12 ሳምንት ቁጠሪ፤ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ከቀረሽ ጂፒውንና ሆስፒታሉን በተራ ሳይሆን ሁለቱንም ነገ ጠዋት ደውይላቸው።