የማይነደው ማዳበሪያ እሳትን ለምን ያባብሳል?

ጥያቄ፦ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት በራሱ እንደማይነድ አነበብኩ። የማይነድ ነገር እንዴት ይህን ያህል ጥፋት ያደርሳል? እኛ የምናከማቸው ዩሪያስ ያሰጋል?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው። አሞኒየም ናይትሬት ኦክሲዳይዘር ነው፤ ማለትም ራሱ ነዳጅ ሳይሆን ሌላው እንዲነድ ኦክሲጅን የሚያቀብል ነው። 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ በዋናነት ወደ ውሃ ተንና ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይበታተናል። ይህ ጋዝ እሳትን ስለሚያቀጣጥል በአጠገቡ ያለው እንጨት ወይም ዘይት አየር ባያገኝም መንደዱን ይቀጥላል። መበታተኑ ራሱም ሙቀት ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ግፊቱና ሙቀቱ እየተመጋገቡ ወደ ፍንዳታ ሊያደርሱ ይችላሉ።

ሚያዝያ 8 ቀን 1939 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ የሆነው ይኸው ነው። ግራንካምፕ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ በወረቀት ከረጢት የታሸገና እንዳይጋገር በሰም የተለበጠ ከ2,000 ቶን በላይ አሞኒየም ናይትሬት ጭና ነበር። እሳት ሲነሳ ጭነቱ በውሃ እንዳይበላሽ ተብሎ የዕቃ ክፍሉ ተከደነና እንፋሎት ተለቀቀበት። ተራ እሳት ቢሆን አየር ሲያጣ ይጠፋ ነበር፤ ይህ ግን ኦክሲጅኑን ከጭነቱ ያገኝ ስለነበር እንፋሎቱ ሙቀቱን፣ ክዳኑም ግፊቱን ከማባባስ በቀር አልጠቀመም። መርከቧ ፈንድታ 600 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ ለማጥፋት የመጡት የከተማዋ እሳት አደጋ ሠራተኞችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ። ጭነት ለማዳን ሲባል ውሃ መከልከሉ እስከ ዛሬ ያንገበግባል፤ እንዲህ ያለውን እሳት ገና በጅምሩ የሚያበርደው ብዙ ውሃና ክፍት መተንፈሻ ነውና። እሳቱ ከተስፋፋ ወይም ቀይ ቡናማ ጭስ ከታየ ግን ሰውን ማራቅ ይቀድማል።

ዩሪያ ናይትሬት ስለሌለበት ኦክሲዳይዘር አይደለም፤ ሲሞቅ የሚያወጣው አሞኒያ ዓይንና ጉሮሮ ቢያቃጥልም እሳቱን ኦክሲጅን አይመግብም። ወደ መጋዘንዎ የሚገባ ከረጢት ላይ ግን በክብ ላይ የሚነድ ነበልባል የተሳለበት ቢጫ ምልክት ካዩ፣ ከዩሪያው፣ ከናፍጣው፣ ከገለባውና ከባዶ ጆንያው አርቀው ለብቻው ያስቀምጡት።