የአንባቢያን ጥያቄ፦ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ ባለ 32 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥናችን ከተገዛ 12 ዓመት አልፎታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላውም። ጠዋት ስንከፍተው ደግሞ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቶሎ አይነሳም። ጠጋኙ ሳይፈታው «ማዘርቦርዱ ነው፣ አዲስ ግዙ» አለን። እውነቱን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቸኩሉ። የጻፉልን ምልክት፣ በተለይም ጠዋት መሣሪያው ቀዝቅዞ ሳለ መነሳት ማስቸገሩ፣ ከማዘርቦርዱ (ቴሌቪዥኑን ከሚያዘው ዋና ሰሌዳ) ይልቅ ፓወር ሰፕላዩን (ለውስጡ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል) ያስጠረጥራል። በዚህ ዕድሜ ባሉ ቴሌቪዥኖች ቶሎ የሚደክመውም እሱ ነው። ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ግን ቴሌቪዥኑ በሚጠፋበት ቅጽበት ምን አብሮ እንደሚጠፋና ምን እንደሚቀር ልብ ብለው ይዩ።

ቀዩ መብራት ጭምር ድርግም ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ከቴሌቪዥኑ ውጭ ያለው ነው። ዲቫይደሩንም ስታቢላይዘሩንም ትተው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰኩት። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት መጠነኛ የኃይል መውረድ አያጠፋውም፤ ኃይል ሲዋዥቅ ቀጭ ብሎ የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ስታቢላይዘሩ ራሱ ነው። ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ላልቶ እንደሆነም ይዩ።

ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ ብቻ ከጨለመ ችግሩ ከስክሪኑ ኋላ ሆኖ ብርሃን የሚሰጠው ባክላይት ወይም እሱን የሚመግበው ክፍል ነው። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከስክሪኑ አስጠግተው በሰያፍ ያብሩበት፤ ሥዕሉ ደብዝዞ ከታየ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ቀዩ መብራት ሳይጠፋ ቴሌቪዥኑ ብቻ ከተዘጋ ሜኑ ውስጥ ገብተው የእንቅልፍ ሰዓቱንና በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉ። ሁልጊዜ ከበራ ልክ 4 ሰዓት ሲሞላው የሚዘጋ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፣ ታዞ ነው። ዲኮደሩንም በኤችዲኤምአይ ከተያያዘ ለአንድ ቀን ነቅለው ይሞክሩ፤ በዚያ ገመድ የመዝጊያ ትእዛዝ ሊተላለፍ ይችላል። የጎን ቁልፉ ተጣብቆ እንዳይሆንም ጫን ለቀቅ ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት የተጻፈበት ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በሬዚስተር ሳይራገፍና በቴስተር ሳይለካ እጅ አይገባም።

የሚፈለጉት ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ናቸው፦ ኃይሉ በሚወጣበት፣ በመውጫው በኩል የተደረደሩት፣ ብዙ ጊዜ 1000 ማይክሮፋራድ በ10 ወይም በ16 ቮልት የሆኑት። ጤነኛው አናቱ ዝርግ ነው፤ የሞተው ያብጣል ወይም ቡናማ ነገር ያዣል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ብዛት እየደረቀ ሲሄድ ኃይሉን አስተካክሎ መስጠት ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስበታል። የጠዋቱ ችግር ከዚህ ይመጣል። አናቱ ያላበጠም ሊሞት ስለሚችል ያበጠውን አንዱን ብቻ ሳይሆን የመውጫውን ረድፍ በሙሉ ማስቀየር ይሻላል። አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችልና ሎው ኢኤስአር (የውስጥ ተቃውሞው ዝቅተኛ) የተባለው ዓይነት ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው መስመር የኔጌቲቩ እግር ምልክት ነው፤ ተገልብጦ ከተበየደ ይፈነዳል።

ማዘርቦርዱ ነው ከተባሉ በልኬት እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የ5 ቮልቱ መስመር ወደ 4 ከወረደ ጥፋቱ በአብዛኛው የፓወር ሰፕላዩ ነው። 5 ቮልቱ ሳይነቃነቅ፣ ከማዘርቦርዱ የሚመጣው የማብሪያ ትእዛዝም ሳይቋረጥ 12 ወይም 24 ቮልቱ ብቻ ከጠፋም እንደዚያው። ትእዛዙ ራሱ ቀድሞ ከተቋረጠ ያኔ ማዘርቦርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ልኬት ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ ሳይለኩ «ግዙ» ማለት ግን ቤተሰብን ያላግባብ ያስወጣል።

ጥያቄ፦ የድሮው ባለ 21 ኢንች ቱቦ ቴሌቪዥናችን ይጠፋና ጎኑን ስንመታው ይበራል። ምን ይሻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ መምታቱን ያቁሙ። እንዲህ የሚያደርገው በአብዛኛው ፍላይባክ በሚባለው ትራንስፎርመር እግሮች ዙሪያ ብየዳው በቀለበት መልክ ተሰንጥቆ ነው። በስንጥቁ መካከል የሚዘለው ብልጭታ ቦርዱን ያቃጥለዋል። ባለሙያ አሮጌውን የብየዳ እርሳስ አንስቶ በአዲስ ቢበይደው ይስተካከላል። እርስዎ ግን ክዳኑን አይክፈቱ፤ ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ ስለሚሠራ ከተነቀለ በኋላም ያስፈነጥራል።