360 ዶላር ብሎ 478 ቆረጠብኝ፤ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ለእረፍት የሚሆን ማረፊያ በኢንተርኔት ቡክ አድርጌ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ዋጋ ለአንድ አዳር 90፣ ለ4 አዳር 360 ዶላር ነው። ከካርዴ የተቆረጠው ግን 478 ሆኖ አገኘሁት። ይባስ ብሎ እህቴ ያንኑ ክፍል፣ ለእነዚያው ቀናት፣ በራሷ ስልክ በ318 አየችው። ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ? ቆይታዬን ጨርሼ ተመልሻለሁ። ለባንኬም አመልክቼ ካርዴን ቀይረውልኛል። አሁን ድርጅቱን ከስሼ ሙሉ ገንዘቤን ማስመለስ እፈልጋለሁ። የማረጋገጫውን ፎቶ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ሰው በ360 አስልቶ ወጥቶ 478 ሲቆረጥበት ቢናደድ አይፈረድበትም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን ከዋጋው ይበልጥ ያሳሰበኝ በመሃል ጣል ያደረጓት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ካርዴን ቀይረውልኛል»። ወደ እሷ እመጣለሁ። መጀመሪያ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንየው።

የእህትዎ ዋጋ። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው በሁለት ዋጋ መታየቱ ብቻውን በአብዛኛው አገር ሕገ ወጥ አይደለም። ዋጋው እንደ ሰዓቱ፣ እንደ ፈላጊው ብዛትና እንደ ቀሪው ክፍል ይወጣል ይወርዳል። እህትዎ አባል ሆነው ገብተው ይሆናል። አፑ ለስልክ ተጠቃሚ ቅናሽ ሰጥቶ ይሆናል። ወይም እሳቸው ያዩት ቢሰርዙት ገንዘቡ የማይመለስበት ዋጋ ሆኖ፣ እርስዎ የያዙት መሰረዝ የሚቻለው ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ክፍሉ አንድ ነው፣ ውሉ ግን ሁለት።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ትንሽ ጠበቅ ያለ ነገር አለ። ዋጋው በአውቶማቲክ ስሌት ለእርስዎ ለብቻዎ የተተመነ ከሆነ፣ ሻጩ ይህንን እንዲነግርዎት እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ ግዴታ አለበት። ከዲሴምበር 2018 ወዲህ ደግሞ አንድ ሆቴል የኅብረቱን ደንበኞች በዜግነታቸው ወይም በሚኖሩበት አገር ብቻ ለይቶ፣ ያለ በቂ ምክንያት የተለያየ ዋጋ ሊጠይቃቸው አይችልም። ድርጅቱ «ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው» ብሎ ዋሽቶ ከሆነም ነገሩ ሌላ ነው። የሆቴል ዋጋ የሚያወዳድረው ድረ ገጽ ትሪቫጎ በዚህ ዓይነት ጉዳይ በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2022 የ44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተወስኖበታል። ከሁሉ ፊት ያስቀመጠው ዋጋ ብዙ ጊዜ ርካሹ ሳይሆን ለእሱ የተሻለ የሚከፍለው ድርጅት ዋጋ ነበር። እህትዎ በ318 ማየታቸው ብቻ ግን ከ360 ጋር ያላትን የ42 ዶላር ልዩነት አያስመልስልዎትም።

አሁን ወደ ፎቶው። የላኩልኝ ምስል «90 × 4 አዳር = 360» የሚለው መስመር ላይ ያበቃል። ከሥሩ ግን የፊደሎቹ አናት ብቻ የሚታይ ሌላ መስመር አለ። እንደምገምተው «የጽዳት ክፍያ» ይላል። ሆን ብለው ቆርጠውታል እያልኩ አይደለም። ግን ለጠበቃዎ ግማሹን ብቻ ቢያሳዩ፣ ተከራካሪዎ እጅ ሙሉው አለ። ስለዚህ እባክዎ ኢሜይሉን እስከ ታች ድረስ፣ ምንም ሳይቆረጥ ይላኩልኝ። ጠበቃ ደንበኛውን ሊረዳ የሚችለው መጥፎውን ወረቀት አስቀድሞ ሲያይ ነው።

ዋናው ጥያቄ «ክፈል» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት 478 የሚል ቁጥር ፊትዎ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ጭራሽ ካልነበረ ጠንካራ ጉዳይ አለዎት። ያልተስማሙበትን ገንዘብ ወስደውብዎታል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከነበረ ጉዳይ የለዎትም። አስቸጋሪው መሃሉ ነው፦ ፍለጋው ላይ 90 አሳይቶ፣ ስምና የካርድ ቁጥር ካስሞላ በኋላ በመጨረሻው ገጽ የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምረው።

እዚህ ላይ የሚኖሩበትን አገር አለመጻፍዎ ቸገረኝ። መልሱ በአገሩ ይለያያልና። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ ማረፊያ የሚጠየቀው ዋጋ ሁሉንም የግዴታ ክፍያዎች አጠቃልሎ እንዲታይ ያዛል። የመንግሥት ታክስ ግን በኋላ ቢደመር አይከለክልም። በብሪታንያ ተመሳሳይ ሕግ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። በአውሮፓም የማረፊያ ኪራይ ድረ ገጹ ኤርቢኤንቢ በ2019 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተነጋግሮ የጽዳትና የአገልግሎት ክፍያን ከፍለጋው ገጽ ጀምሮ ደምሮ ማሳየት ጀምሯል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፦ አሠራሩ ሕግ የጣሰ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ኪስዎ ይመለሳል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚከተለው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጣል ቅጣት ነው። የእርስዎን ድርሻ ለማግኘት አቤቱታውን በስምዎ፣ ከነማስረጃው ማቅረብ ይኖርብዎታል።

የገንዘቡን ዓይነትም ያጣሩ። «ዶላር» ብለውኛል፤ የየትኛው አገር ዶላር? ይህ ተራ ጥያቄ እንዳይመስልዎ። ኤርቢኤንቢ ለአንዳንድ የአውስትራሊያ ደንበኞች ዋጋውን በአሜሪካ ዶላር አስልቶ፣ የማን ዶላር እንደሆነ ሳይገልጽ ምልክቱን ብቻ በማሳየቱ በ2023 የ15 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል፤ ለተጎዱት ደንበኞችም ካሳ እንዲከፍል ታዟል። ከዚያም የምንዛሪ ልዩነት፣ ባንክዎ ለውጭ ክፍያ የሚቆርጠው፣ በከተማው ሕግ የሚከፈል የቱሪስት ታክስ፣ ቆይቶ ራሱ የሚለቀቅ ማስያዣ አለ። ከ360 በላይ ከተቆረጠው 118 ዶላር ውስጥ የትኛው ድርጅቱ የወሰደው፣ የትኛው የባንክዎ እንደሆነ ሳይለዩ ማንንም አይክሰሱ።

«ሙሉ ገንዘቤን» የሚለውንም ይተዉት። 4 ሌሊት አድረውበታል። ዳኛ ፊት «አደርኩ፣ ግን አንድም ሳንቲም አልከፍልም» የሚል ሰው የያዘውን እውነትም ያስጠረጥራል። ክርክርዎ በ118 ወይም ከእሱ ባነሰ ገንዘብ ላይ ነው።

አሁን ካርዱ። ባንክ ካርድ የሚቀይረው የዋጋ ቅሬታ ሲደርሰው አይደለም። ካርዱ ተሰርቋል፣ ቁጥሩ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብሎ ሲያምን ነው። ስለዚህ የባንኩን አፕ ከፍተው «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ወይም «እኔ አልፈጸምኩትም» የሚለውን ተጭነዋል ብዬ እገምታለሁ። ወይም በስልክ ሲጠይቁዎት «አላውቀውም» ብለዋል። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትኩ ግን የያዙትን እውነተኛ ቅሬታ በገዛ እጅዎ አደጋ ላይ ጥለውታል።

እንዴት እንደሚሆን ይገባኛል። ሰው ተናዷል። አፑ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ያ ምርጫ ነው። «478 አላውቅም፣ የማውቀው 360 ነው» ብሎ ያስባል፤ በልቡ እውነቱን ነው። ባንኩ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፦ «ይህን ማረፊያ እኔ አልያዝኩም»። ይህ ደግሞ እውነት አይደለም።

ከዚያ የሚሆነውን ልንገርዎ። ባንኩ ቅሬታውን ለድርጅቱ ይልካል። ድርጅቱ በርስዎ ስም የተከፈተውን አካውንት፣ የገቡበትን ስልክ፣ ክፍያውን ያጸደቁበትን የአንድ ጊዜ የሚስጥር ቁጥር መዝገብ፣ የተላከልዎትን ማረጋገጫ ያቀርባል። ለባለንብረቱ «ቁልፉን ከየት ልውሰድ?» ብለው ሜሴጅ ጽፈው ከሆነ እሱም ይቀርባል። ሰነዱ ባንኩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ነገሩ ያልቃል። አቤቱታው ውድቅ ይሆናል። በጊዜያዊነት የተመለሰልዎት ገንዘብ ካለ ተመልሶ ይቆረጣል። ድርጅቱ አካውንትዎን ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በኋላ «ኧረ ቅሬታዬስ በዋጋው ነበር» ሲሉ የሚያምንዎት አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ የሰጡት ቃል ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብዎታል። ቃሉን በጽሑፍ ፈርመውበት ከሆነ ደግሞ፣ በብዙ አገር ሕግ ለባንክ የሐሰት መግለጫ መስጠት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ላስፈራራዎት አይደለም፤ በ118 ዶላር ተበድሎ የመጣ ሰው ተከሳሽ እንዳይሆን ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ሲወድቁም አይታወቃቸውም። ባንክ ዘንድ «አልፈጸምኩትም» እና «ከተስማማሁት በላይ ተቆረጠብኝ» ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። የሚሞላው ፎርም፣ የሚጠየቀው ማስረጃ፣ የጊዜ ገደቡም ይለያያል። የእርስዎ ሁለተኛው ነው። እሱም የሚቀርበው ባከራከረው ልዩነት ላይ ብቻ ነው፤ በ478ቱ ላይ አይደለም።

ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? ያመለከቱበትን ፎርም ወይም የስልክ ንግግሩን ማጠቃለያ ከባንኩ ይጠይቁ። በግምት አይሂዱ፤ የተጻፈውን ቃል በዓይንዎ ይዩት። «አልፈጸምኩትም» የሚል ከሆነና ፈርመውበት ከሆነ፣ ምንም ነገር ከመጻፍዎ በፊት በሚኖሩበት አገር ያለ ጠበቃ ያማክሩ። እርማቱ የሚጻፍበት መንገድ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአፕ ምርጫ ብቻ ከሆነና ምንም ካልፈረሙ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በጽሑፍ ያርሙት። ነገሩ አጭር ይሁን፦ ክፍያውን የፈጸምኩት እኔ ነኝ፣ ቅሬታዬ ከተስማማሁት መጠን በላይ በመቆረጡ ነው፣ የተሳሳተ ምርጫ ስለመረጥኩ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ። የማመልከቻውን ቁጥር ይጥቀሱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ድርጅቱ ያስቀየመዎትን ታሪክ እዚያ ላይ አይዘርዝሩ። ለድርጅቱ የሚጽፉትም ለባንኩ ከጻፉት ጋር አንድ ቃል ይሁን።

ጊዜው እየሄደ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ብዙዎቹ የአቤቱታ ዓይነቶች በ120 ቀን ውስጥ መቅረብ አለባቸው፤ ባንኮች ከዚያ ያጠረ ገደብ የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ስህተት የሂሳብ መግለጫው (ስቴትመንቱ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መነሳት አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ካርድዎን ለዋስትና ሰጥተው፣ መጠኑ ሳይገለጽልዎት በኋላ ሻጩ ራሱ ከጠበቁት በላይ ከቆረጠ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል። ይህ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ የሚለየው ያው ያልተቆረጠው ማረጋገጫ ነው። ሲከፍሉ ድምሩን አይተው አጽድቀው ከሆነ አይመለከትዎትም።

የሚሰበሰቡትን ወረቀቶች ልንገርዎ። ማረጋገጫው ኢሜይል ሙሉውን፤ ፎቶውን ሳይሆን ኢሜይሉን ራሱን። የባንክ ስቴትመንት፣ ከክፍያው ቀን ጀምሮ፤ የምንዛሪው ተመንና የባንኩ ክፍያ ለየብቻ የሚታይበት። በአካውንትዎ ገብተው የሚያገኙት ዝርዝር ደረሰኝ። ከባለንብረቱ ጋር የተጻጻፉት ሁሉ፣ የማይጠቅምዎት የመሰለዎትም ጭምር። እዚያ ሲደርሱ በፖስ ማሽን የከፈሉት ነገር ካለ ወረቀቱ፤ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ብለው ከሆነ፣ የማይመች ተመን የገባው በዚያ ሊሆን ይችላልና። የእህትዎ ስክሪንሾት ሰዓቱና የስረዛ ውሉ የሚታይበት ከሆነ ብቻ ይጠቅማል። የመጨረሻውን የክፍያ ገጽ ስክሪንሾት ይዘው ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንደማይኖርዎት እገምታለሁ፤ ማንም አያነሳውም። ወደፊት ግን «ክፈል» ከመጫንዎ በፊት ያንን ገጽ ያንሱት፤ ድምሩ፣ የገንዘቡ ዓይነትና የስረዛው ውል አብረው እንዲታዩ አድርገው።

ድርጅቱ በመሃል ደውሎ «30 ዶላር እንመልስልዎ፣ ጉዳዩ ይዘጋ» ቢልዎት ወዲያው አይቀበሉ። በጽሑፍ ይላኩልኝ ይበሉ። «ሌላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ካለበት፣ የባንኩ ማመልከቻ ሳይስተካከል አይፈርሙበት፤ ከመፈረምዎም በፊት ለጠበቃዎ ያሳዩት። ለእኔም ሙሉውን ኢሜይልና የባንኩን ፎርም ቅጂ ከላኩልኝ፣ ከ118ቱ ዶላር የትኛው የሚያከራክር እንደሆነ መስመር በመስመር ለይቼ እመልስልዎታለሁ።