ያጎረሰ ነው ወይስ ባዶ?

የመንግሥት መሣሪያ ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ነኝ። ስለ ሽጉጥ የሚጠይቅ ካለ ይምጣ ብዬ ነበር፤ ከሰኞ ገበያ እስከ ኮምቦልቻ ጎረፋችሁ። የዋጋ ጥያቄ አልመልስም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያም አላይም፤ ፎቶውንም ቢሆን አትላኩልኝ። የፋብሪካ ዘመን ስጠራ በፈረንጅ ነው፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

ጋሼ፣ ማካሮቭ ይሻላል ስታር? ከጓደኛዬ ጋር ልንጣላ ነው። (ሰኞ ገበያ)

ለምን ትጣላላችሁ፣ ሁለቱም ሽማግሌ ናቸው። ማካሮቭን ሶቪየቶች የተቀበሉት በ1951 ነው። ስምንት ጎራሽ፣ 730 ግራም ገደማ። አፈሙዙ ከገላው ጋር የተጣበቀ ነው፣ አይላወስም። ስታቀባብል ወደ ኋላ የምትስበውን ላይኛውን ብረት የሚገታው የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ውስጡ ጥቂት ዕቃ ነው ያለው፣ ስለዚህ የሚበላሸውም ጥቂት ነው።

ስታር ስፔን ውስጥ ኤይባር የምትባል ከተማ ሥራ ነው። ፋብሪካው በ1997 ተዘግቷል። መልኩ የአሜሪካው ኮልት ነው። ስንቱ ሰው «ኮልት አለኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ መጥቶ ስታር ሆኖ አግኝቼበታለሁ! መለያው ቀላል ነው። ኮልት ከእጀታው ጀርባ ስትጨብጠው ገባ የሚል ብረት አለው። እሱ ካልተጫነ አይተኩስም። ስታር ሞዴል ቢ ላይ ያ ብረት የለም።

እጅ ላይ ስታር ይመቻል። ለመጠገን ግን ማካሮቭ ነው። ፋብሪካው የተዘጋ ሽጉጥ መለዋወጫው ከሌላ ሽጉጥ ሬሳ ነው የሚገኘው። እኔ ማካሮቭ እላለሁ። ጓደኛህ ካኮረፈ ቡና ጋብዘው።

የአጎቴ ቤሬታ ሴፍቲው ወደ ታች ነው የሚዘጋው። የእኔ ማካሮቭ ወደ ላይ ነው። አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው? (ሐይቅ)

አብሽር፣ አልተበላሸም። ግን ዋናው ጥያቄ ያንተ ነው፣ ስለዚህ ልዘርዝረው።

ማካሮቭ ላይ የሴፍቲዋን ጆሮ፣ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የምታግደዋን ብረት፣ ወደ ላይ ስትገፋት ትዘጋለች፤ የተወጠረውንም መዶሻ ታወርደዋለች። ኮልትና ስታርም ወደ ላይ ነው የሚዘጉት፣ መዶሻውን ግን እንደተወጠረ ይቆልፉታል እንጂ አያወርዱትም። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ላይ ደግሞ ወደ ታች ስትል ነው የሚዘጋው። በአንዱ «ተዘጋ» የሆነው በሌላው «ተኩስ» ነው።

እኔ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ ቤሬታ ስፈታ ቆይቼ ማካሮቭ ሰጡኝ። አቀባብዬ ሳበቃ አውራ ጣቴ በልማዱ ጆሮዋን ወደ ታች አለ። ዘጋሁት ብዬ አመንኩ። ጣቴ ምላጩን ነካ፣ ባረቀ። አፈሙዙ ወደ አሸዋ ሳጥኑ ዞሮ ባይሆን ዛሬ እያነከስኩ ነበር የምጽፍልህ። አለቃዬ አልተቆጣም። «ለምን አጎረስከው?» ብቻ አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ወደ ቤሬታ ልመለስ። 92 በ1975 ሲወጣ ሴፍቲው እንደ ኮልት ገላው ላይ ነበር። የጣሊያን ፖሊስ መዶሻ የሚያወርድ ሴፍቲ ፈለገና ወደ ላይኛው ብረት ተዛወረ፤ 92 ኤስ ተባለ። የካዝናው፣ የጥይት መያዣው ማለት ነው፣ መልቀቂያ ደግሞ እጀታው ግርጌ ነበር፤ ለአሜሪካ ጦር ውድድር ሲሉ ወደ ምላጩ ጀርባ አመጡት። በ1985 አሜሪካኖች ተቀበሉት። ከዚያ ላይኛው ብረት እየተሰነጠቀ ወደ ተኳሹ ፊት መብረር ጀመረ። ጥቂት ሰው ነው የተጎዳው፣ ወሬው ግን ዓለምን ዞረ። መፍትሔው አንድ የመዶሻ ዘንግ ጭንቅላቷን ማተለቅ ሆነ። ብረቱ ቢሰበርም እሷ ትይዘዋለች። ኤፍኤስ የሚባለው ይኸው ነው።

ክርክሩ ግን አልበረደም። የብራዚሉ ታውረስ የቤሬታን ንድፍ ወስዶ ሲሠራ ሴፍቲውን ከገላው ላይ አላነሳውም። እኔ በዚህ ከብራዚሎቹ ጋር ነኝ። አውራ ጣት ያለ ጭንቅ የሚደርሰው እዚያ ነው። ላይኛው ብረት ላይ ያለ ሴፍቲ በጥድፊያ ስታቀባብል ሳታስበው ይዘጋብሃል።

ቶካሬቭ ለምን ሴፍቲ የለውም? (ደሴ፣ ፒያሳ)

የሶቪየት ሽጉጥ ነው፤ ንድፍ አውጪው ስላላስፈለገው ነው። በ1930 ሲወጣም በ1933 ሲሻሻልም የነበረው የመዶሻው ግማሽ ጥርስ ብቻ ነው። መዶሻውን ግማሽ ላይ ስታሳርፈው ምላጩም ላይኛው ብረትም ይቆለፋል። አዲስ ሲሆን ይሠራል። ሰባና ሰማንያ ዓመት የፈገፈገ ጥርስ ግን አይታመንም፤ ቶካሬቭ አጉርሶ ወገብ ላይ ማድረግ እብደት ነው።

ለጠጋኝ ግን እንደሱ የሚወደድ የለም። የመዶሻው ዕቃ በሙሉ አንድ ላይ ተጠቃሎ በእጅ ይወጣል። ዘጠኝ የሚጎርስ ቶካሬቭ ያየህ ከመሰለህ የዩጎዝላቪያው ኤም 57 ነው፣ እጀታው ረዘም ይላል። ሴፍቲ ያለው ካየህ ደግሞ ኋላ የተጨመረ ነው። አሜሪካ ለማስገባት የአገሩ ሕግ ስለሚጠይቅ ፋብሪካዎቹ ጨመሩበት።

የማካሮቭ ጥይት ለስታር ይሆናል? ሁለቱም ዘጠኝ ነው ይላሉ። (ኮምቦልቻ)

አይሆንም። የስታር ሞዴል ቢ ቀለህ 19 ሚሊሜትር ነው፣ የማካሮቭ 18። እርሳሱም እኩል አይደለም፤ የማካሮቭ 9.27 ገደማ ሲሆን የሌላው 9.01 ነው። «ገባ እኮ» አትበለኝ። መግባትና መሆን ይለያያሉ።

አያቴ የተዉልን አንዲት ትንሽ ቤሬታ አለች። 1937 የሚል ቁጥር፣ አጠገቡ በሮማ ቁጥር 15 ተጽፎበታል። ምንድን ነው? (ደሴ፣ አራዳ)

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ቤሬታ 1934 ናት፣ ሰባት ጎራሽ፣ አጭሩን የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ነው የምትበላው። የሮማ ቁጥሩ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ሙሶሊኒ ሮም የገባበትን 1922 አንድ ብለው ቆጠሩ፤ 15ኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 ነው። በላቲን «አር» እና «ኢ» የሚል ካለበት የጣሊያን የምድር ጦር ንብረት ነበረች።

ጣሊያን ደሴን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ መተላለፊያው ላይ ተዋግቶ ደሴን የለቀቀው በሚያዝያ 1933 ዓ.ም.። አያትህ እንዴት እንዳገኟት ቤተሰቡን ጠይቅ፣ ጥሩ ታሪክ ሳይኖራት አይቀርም።

በእሷ መተኮስን ግን እርሳው። ሴፍቲዋ ምላጩን ብቻ ነው የሚይዘው፣ መዶሻውን አይነካም። ጥይት ሲያልቅ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው ካዝናው ራሱ ነው፤ ካዝናውን ስትስብ ብረቱ ወደ ፊት ይመለሳል። ጣትህን ጠብቅ።

ሌላም ነገር፦ መሣሪያ ይወረሳል፣ ፈቃድ ግን አይወረስም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በስምህ ፈቃድ ከሌለህ የአያቴ ነው ማለት አያድንህም። ፖሊስ ዘንድ ሄደህ አሳውቅ።

ከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ወንበሩ ሥር ካዝናዬ ወድቆ አገኘሁት። ሽጉጡ ችግር አለበት? (ኮምቦልቻ)

ሽጉጡ ጤነኛ ነው፤ ቀበቶህ ነው ችግሩ። የካዝና መልቀቂያው አዝራር የሆነ ሽጉጥ ስትቀመጥ በቀበቶው ወይም በወንበሩ መታጠቂያ ይጫናል። ካዝናው ሾልኮ ይወርዳል፣ አንተ መቶ ኪሎሜትር ነድተህ ነው የምታውቀው።

ማካሮቭን «ካዝናው ሁለት እጅ ይጠይቃል» ብለው የሚያሙት ለዚህ ነው የማይገባኝ። መልቀቂያው እጀታው ግርጌ ነው፣ በስህተት አይለቅም። ቶሎ ቶሎ ካዝና መቀየር የውጊያ ጣጣ ነው። ሾፌር ምን ያጣድፈዋል? አዝራሩን የሚሸፍን አፎት ግዛ። ካዝናው ወደቀ ማለት ደግሞ ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አጉርሰኸው ከነበረ አንዷ አፈሙዝ ውስጥ አለች።

ግሎክ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ? ሴፍቲም የለው። ምኑ ነው የሚወራለት? ሦስተኛ ትውልድ፣ አራተኛ ትውልድ የሚሉትስ ምን ይለያያል? (ደሴ፣ መናፈሻ)

ገላው ፕላስቲክ ነው፣ አፈሙዙና ላይኛው ብረት ብረት ናቸው። የኦስትሪያ ጦር በ1982 ሲቀበለው ሽማግሌ ጠጋኞች ስቀው ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉም ፋብሪካ ገለበጠው። 17 ይጎርሳል፣ አይዝግም፣ ቀላል ነው።

ሴፍቲ የለውም የሚባለው የሚታይ ጆሮ ስለሌለው ነው። ምላጩ ላይ ሌላ ትንሽ ምላጭ አለች፤ ውስጡ ደግሞ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚያግድ አለ፣ ለውድቀት የሚሆንም አለ። ሦስቱም ምላጩ ሲሳብ አብረው ይከፈታሉ። ስለዚህ ቢወድቅብህ አይባርቅም፣ ጨርቅ ምላጩ ውስጥ ከገባ ግን ይባርቃል።

ማካሮቭ ይህ የመርፌ ማገጃ የለውም። ኮልትም አልነበረውም፤ በ1983 ሲጨመርበት ባለቤቶቹ «ምላጩን አበላሹብን» ብለው ጮኹ። እስከ ዛሬ ይጮኻሉ። ለእኔ ትንሽ የሚከብድ ምላጭ ከተበሳ ጭን ይሻለኛል።

ግሎክ ላይ የማልወደው አንድ ነገር አለ። ለመፍታት መጀመሪያ ምላጩን መሳብ አለብህ። ካዝና አውጥቶ ውስጡን ሳያይ የሳበ ሰው ስንት ግድግዳ በስቷል!

ትውልዱንም ጠይቀሃል። ሦስተኛው ላይ ለጣት የሚሆን ጉድጓድ እጀታው ላይ አበጁ። ጣቱ አጭር የሆነ ሁሉ ተማረረ። አራተኛው በ2010 ሲመጣ የእጀታው ጀርባ ለትልቅም ለትንሽም እጅ የሚቀየር ሆነ። በ2017 አምስተኛው ሲወጣ የጣቱን ጉድጓድ ደፈኑት። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ አንድ ጉድጓድ ለመድፈን!

የቱርክ ሽጉጥ እንዴት ነው? (ኮምቦልቻ)

ቱርኮች ጥሩ ፋብሪካ አላቸው፣ የቤሬታንም የኮልትንም ንድፍ በደንብ ይሠራሉ። በኮንትሮባንድ የሚዞረው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ ኋላ የተቀየረ ነው። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ይፈነዳል። አትንካው። ፈቃድም አያገኝም።

ባለቤቴ ማታ ማታ አጉርሶ ትራስ ሥር ያደርጋል። ሴፍቲው ዝግ ነው ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉን። (ደሴ)

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ እሱ ተሳስቷል። ከላይ ያልኩትን ሁሉ አስነብቢው። የማካሮቭን ጆሮ የአምስት ዓመት ልጅ ጣት ታወርዳለች። ካዝናው ይውጣ፣ አፈሙዙ ውስጥ ያለችውም ትውጣ። ሽጉጡ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ። እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኪበት፣ እኔም እመጣለሁ።

ሽጉጤ ደሴ ሆኖ አይዝግም፣ ኮምቦልቻ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ዛገ። አየሩ ነው? (ኮምቦልቻ)

መንገዱ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ ብረት ይዘህ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለህ። ታች ሞቃቱ አየር ሲነካው ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ላብ ያወጣል። አንተ ደግሞ ቆዳ አፎት ውስጥ ትከተዋለህ፣ ቆዳው እርጥቡን ይዞ ይውላል። ስትደርስ አውጥተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ማታ ከአፎቱ ውጪ ይደር። ዘይት በስሱ ቀባው፣ ግራሶ አትሙላበት። ወፍራም ዘይት በብርድ መርፌውን ያሰንፈዋል፣ ጥይትህ ይከሽፋል። ከጋራዥ የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት የምትቀቡም አላችሁ። ተዉ፣ እሱ ራሱ ብረት ይበላል።

የኮልት ባለቤት ነኝ፣ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። ስተኩስ መዶሻው እጄን ይነክሰኛል። (ደሴ)

አባቴ፣ የእርስዎ የድሮው ንድፍ ሳይሆን አይቀርም። በ1911 የወጣው የብዙ ሰው እጅ ስለነከሰ በ1920ዎቹ የኋላው ብረት ጭራ ረዘመ፣ ምላጩም አጠረ። ኤ1 ይባላል። እጅዎን ዝቅ አድርገው ይጨብጡ፣ ወይም ጓንት ያድርጉ። መዶሻውን በሞረድ ላሳጥር እንዳይሉ፤ አንድ ሰውዬ አሳጥሮ አምጥቶልኝ አልቅሻለሁ።

ሦስት ሰዎች ደግሞ ማካሮቭ ስንት ነው ብላችሁኛል። ከላይ ተናግሬያለሁ።