ሲስተርን ጠይቁ፦ እግር፣ ተቅማጥ፣ ጨጓራ

ሲስተር፦ እንዴት ዋላችሁ? ምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ዕድሜ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደተወሰደ ጻፉልኝ። እንዲሁ «አሞኛል» አትበሉ።

ከሞጣ፦ አባቴ 60 አልፎታል። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ዓመታት ሆነው። በጣቶቹ መሀል ይረጥባል፣ ይሸታል። ሰው የዘር እርግማን ነው ይላል።

ሲስተር፦ እርግማን አይደለም ወንድምዓለም! መጀመሪያ ሀኪም ይየው፤ ልብና ኩላሊትም እግር ያሳብጣሉ። ዝሆኔ ከሆነ ግን የእኛ አገሩ የሚመጣው ከአፈር ነው፤ ከትንኝ የሚመጣው የቆላው ሌላ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ ሲታረስ ደቃቁ አፈር በቆዳ ይገባና የሊምፍ መስመሩን፣ ማለት ከሰውነት ፈሳሽ የሚያሳልፈውን ቀጭን ቧንቧ፣ ይጎዳል። በአንዳንድ ቤተሰብ ይበዛል፣ ዘር የሚባለው ለዚህ ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፤ አብራችሁት ብሉ።

ማታ ማታ በሳሙና እጠቡት፣ በጣቶቹ መሀል አንድ በአንድ። በጥቂት ጠብታ በረኪና መዘፍዘፉም ይረዳል፤ ልኩን የጤና ኤክስቴንሽኗ ታሳያችሁ። በረኪናውን እንዳለ አትድፉበት፣ ያቃጥላል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጣት ለጣት ማድረቅ፣ ቆዳውን ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ሲተኛ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

አንዲት እናት ሲመጡ እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው በሩ ጥግ ነበር የሚቀመጡት። ሽታው ሲጠፋላቸው ገብተው መሀል ቁጭ አሉ። ያን ቀን አልረሳውም።

እግሩ በድንገት ቀልቶ ካተኮሰውና ካንቀጠቀጠው «ምች ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወደ ጤና ጣቢያ።

ከቡሬ፦ ጨጓራ ምን ይሻለዋል?

ሲስተር፦ የማን ጨጓራ? ከመቼ ጀምሮ?

ከዳንግላ፦ የ2 ዓመት ልጄን ተቅማጥ ያዛት። ለምለሙን፣ የተቅማጡን ሕይወት አድን ዱቄት (ኦአርኤስ)፣ በስኒ እየበጠበጥኩ ነው።

ሲስተር፦ በስኒ አይሆንም እታለም። 1 ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ቶሎ ቶሎ በማንኪያ ስጫት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊ። ዚንክም ይሰጥሽ። ጡትም ምግብም አታቋርጪ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከዛለች ወይም ደም ካየሽ ተሸክመሽ ሩጪ።

ከደጀን፦ እኔ ለጉንፋን ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስውጥ ይለቀኛል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዳማከሴ እያለ ምን አሞክሳሲሊን አስዋጠህ? አያቴ በዳማከሴ ነው 90 የደፈኑት።

ከደጀን፦ አያትህን ያቆያቸው እግዜር ነው።

ሲስተር፦ ተዉ እንጂ! ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀህ። ሁለት ፍሬ እየዋጣችሁ መድኃኒቱን ከጀርሙ ጋር አላመዳችሁት። ዳማከሴውን መታጠን ካሻችሁ ታጠኑ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሀኪም ጋ።

ከቡሬ፦ ጨጓራውስ?

ሲስተር፦ ዕድሜህን አልነገርከኝም! ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በራስህ አትውሰድ፣ ጨጓራ ያቆስላሉ። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሂድ።

ከቢቸና፦ እግሬ ያብጣል፣ ምን ልቀባ?

ሲስተር፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብቢው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ቅባቱ በኋላ።

ከሞጣ፦ ሲስተር፣ ለአባቴ የሚሆን ጫማ ገበያ ላይ የለም። እግሩ አይገባም።

ሲስተር፦ ጫማ ሰሪ ጋ በልኩ አሠሩለት። እግሩን ካርቶን ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ፣ የውፍረቱንም ዙሪያ በክር ለኩ። ማታ ለኩት፣ ጠዋት ሟሽሾ ያታልላችኋል።