«ማታ ማታ መርፌውን እዘላለሁ፤ ለሲስተሯ ልንገራት?»

ጥያቄ፦ የስኳር ታማሚ ነኝ። ኢንሱሊን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በየወሩ የምታየኝ ነርስ ጎበዝ ናት፤ ግን ሁሉንም ወስና ነው የምትነግረኝ፣ እኔም «እሺ ሲስተር» ብዬ እወጣለሁ። አንድ ሌሊት ስኳሬ ወርዶ በላብ ተጠምቄ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነቃሁ። ከዚያ ወዲህ የማታውን መርፌ አንዳንዴ እዘለዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን እንደወሰድኩ አድርጌ እጽፋለሁ። ብነግራት ትቆጣኝ ይሆን? ደግሞስ ምን አውቄ ነው ስለ ሕክምናዬ የምናገረው?

መልስ፦ እንኳን ጻፉልን። እኔም ብዙ ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ እንዲህ ዓይነት ደብተር አውቃለሁ። የወሩ ቁጥር ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ።

ትቆጣ ይሆናል፣ አልዋሽዎትም። ግን ዝም ማለቱ ይብሳል። የጠዋት ስኳርዎ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ደብተሩ ደግሞ በየማታው ወስደዋል ሲል፣ መድኃኒቱ አልበቃም ተብሎ መጠኑ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ማታ ቆርጠው የተጨመረውን ሲወጉ ያ የፈሩት ሌሊት ብሶበት ይመጣል።

«ምን አውቄ» ባሉት ላይ ግን አልስማማም። እሷ ኢንሱሊኑ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች። ያን ዕለት ራት በልተው እንደነበር፣ ቀን ብዙ በእግር እንደሄዱ፣ በስንት ሰዓት እንደነቁ የሚያውቁት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ሳትሰማ የምትወስነው ውሳኔ ጎዶሎ ነው።

ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ አይጠብቁ፣ ይደውሉላት። «ሲስተር፣ ሌሊት እንዳይወርድብኝ ፈርቼ የማታውን እየዘለልኩ ነው፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?» ይበሏት። አማራጭ አለ። መጠኑ ሊቀነስ፣ ሰዓቱ ሊለወጥ፣ የኢንሱሊኑ ዓይነትም ሊቀየር ይችላል። ሐኪሙ የሚወስነው ቢሆንም ጉዳዩን ይዛ የምትገባው እሷ ናት። የሚወጉበትንም ቦታ ታይልዎት፤ አንድ ቦታ ደጋግመው ከወጉ ቆዳው ሥር ያብጥና መድኃኒቱ አንድ ቀን ቶሎ፣ ሌላ ቀን ዘግይቶ ይሠራል። የማይመችዎትን ነገር ካቀረበችልዎ «እሺ» ከማለትዎ በፊት እዚያው ይንገሯት፣ ቤት ገብተው አይተዉት።

እስከዚያው ግን ስኳርዎ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ።

ደብተሩንም አይቅደዱት። የዘለሏቸውን ማታዎች በሌላ ቀለም ያክብቡና ይዘውት ይሂዱ።