«የአድራሻ ማስረጃ ካላመጣሽ አንመዘግብሽም» ለተባለችው እኅቴ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለንደን ከገባሽ ሦስት ወርሽ ነው፤ ከእናትሽ ጋር በሰው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ፤ በስምሽ የመጣ የመብራትም የውኃም ሂሳብ የለሽም። የሰፈርሽ ጂፒ (ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚታይበት የሰፈር ክሊኒክ) «ፓስፖርትና የአድራሻ ማስረጃ ካላመጣሽ አንመዘግብሽም» ብሎ መልሶሻል። እናትሽ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ሊያልቅ ነው። «መብቴ ምንድን ነው? ከእኔስ የሚጠበቀው?» ብለሻል። እዚህ ከተማ 15 ዓመት ኖሬያለሁ፤ የምነግርሽ ራሴ ያለፍኩበትንና አዲስ የሚመጡ እኅቶችን ይዤ ስሄድ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ፣ የተነገረሽ ስህተት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ ጋ ለመመዝገብ ፓስፖርት፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ቁጥር ማቅረብ ግዴታ አይደለም። ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ የለኝም ካልሽ ግን በዚያ ብቻ ሊመልሱሽ አይገባም። ምዝገባውም ሐኪሙ ጋ መታየቱም ለማንም ሰው ነጻ ነው። በጉብኝት ቪዛ የመጣ ሰው እንኳ ጂፒ ጋ አይከፍልም፤ ሆስፒታል የሚታዘዝለት ሕክምና ግን ሊያስከፍለው ስለሚችል እሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የታካሚዎች ዝርዝራቸው ከሞላ ወይም ቤትሽ ከሚያገለግሉት አካባቢ ውጭ ከሆነ ላይቀበሉሽ ይችላሉ፤ ያን ጊዜም ምክንያቱን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። ስለዚህ ተመለሺና በእርጋታ «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በያቸው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ይዤ ሄጄ ይህንኑ ስል፣ ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ሴት ወደ ውስጥ ገብታ ፎርሙን ይዛ ተመለሰች። ልጅቷን ለመጉዳት ፈልጋ አልነበረም፤ ደንቡን የነገራት ሰው አልነበረም።

አሁን ከሁሉም በላይ ልነግርሽ ወደምፈልገው ልግባ። አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ፤ ክፍያም የለውም።

እኔ ስመጣ ልጄ 10 ዓመቱ ነበር። ደም ይፈሰኝ ነበር፣ ከወር አበባ ያለፈ፣ ቀን ከሌሊት። ሐኪሙ ጋ የገባሁት ልጄን ይዤ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነበርና። በእኔና በሐኪሙ መካከል ተቀምጦ «እማዬ፣ ምን ልበለው?» አለኝ። ለገዛ ወንድ ልጄ እንዴት ብዬ ልናገር? «ሆዷን ያማታል በለው» አልኩ። የጨጓራ ኪኒን ተሰጠኝ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ሌላ የጨጓራ ኪኒን ተሰጠኝ። አምስት ወር እንዲህ አለፈ፤ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ጀመር። አንድ ቀን የደም ግፊቴን የምትለካ ነርስ፣ በተጠየቅኩ ቁጥር የልጁን ፊት እንደማይ አስተዋለች። ልጁን ውጭ አስቀመጠችና ስልክ ደወለች፤ ከስልኩ ውስጥ አማርኛ የምትናገር ሴት ድምፅ መጣ። ከመናገሬ በፊት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሪፈር ተጻፈልኝ፤ ማዮማ (የማኅፀን እጢ) ሆኖ ተገኘ፣ ከባድ ደም ማነስም ይዞኝ ነበር። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ የሰማውን ነው ያከመው። ዛሬ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማስተርጎም እንደሌለበት የኤንኤችኤስ መመሪያ ይናገራል፤ ያኔ ግን በእነዚያ አምስት ወራት ማንም «አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም መጠየቅ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ቀጠሮ ስትይዢ፣ በዚያው ስልክ ላይ «አማርኛ አስተርጓሚ» በያቸው። በአስተርጓሚ የሚነገር ነገር ጊዜ ስለሚወስድ ድርብ ቀጠሮ ጠይቂ፤ የተለመደው 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሴት አስተርጓሚ ከፈለግሽም ንገሪያቸው። ፍላጎትሽ መዝገብሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጊ፣ ሁልጊዜ እንዳትለምኚ። ብዙ ሰው «የሚመጣው አስተርጓሚ ከእኛው ሰፈር ነው፣ ጉዳዬ በቡና ላይ ይወራል» ብሎ ይፈራል። አስተርጓሚው ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ልብሽ ካልረጋ ግን የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ፊትሽንም አያይም። አንቺ ብዙ ተናግረሽ እሱ በሁለት ቃል ካሳጠረው አስቁሚውና «ሁሉንም ንገርልኝ» በይው።

የእኛ ሌላው ችግር ይሉኝታ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። እሱ ሰላምታ መሆኑን አያውቅም፤ ደህና ናት ብሎ ይጽፋል። እናትሽን በዚህ ላይ አደራ። ይጾማሉ ብዬ እገምታለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩና ኪኒኑን የሚዘሉ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የማውቃቸው አንዲት እናት ኪኒኑን መተዋቸውን ሳይናገሩ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙ መጠኑን ጨመረው፤ ፋሲካ ሲደርስ የተጨመረውን ሙሉውን ዋጡና ስኳራቸው ወርዶ ወደቁ። ሐኪሙ ቢነገረው ኖሮ ጾሙን ተዉ አይላቸውም ነበር፤ የኪኒኑን ሰዓት ያስተካክልላቸው ነበር። ጥቁር አዝሙዱም፣ ዳማከሴውም፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው አሞክሳሲሊንም ይነገር። ግዴታሽ ምን እንደሆነ ጠይቀሻል፤ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የኤንኤችኤስ ሕገ ደንብ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሰነድም ከታካሚ ከሚጠብቃቸው ነገሮች አንዱ ስለ ጤናው ትክክለኛ መረጃ መስጠት ነው።

ሌላውን ግዴታ ታውቂዋለሽ። የማትሄጂበትን ቀጠሮ ቀደም ብለሽ ሰርዢ፤ በነጻ ነው ብሎ መቅረት ሌላ ሕመምተኛን መቀማት ነው። ሪሴፕሽን ላይ አትጩኺ። ዛቻና ድብደባ ካለ ወዲያው ከዝርዝራቸው ሊያወጡሽ ይችላሉ። ሪሴፕሽኗ «ችግርሽ ምንድን ነው?» ስትል ወሬ ፍለጋ አይደለም፤ ወደ ነርስ፣ ወደ ሐኪም ወይስ ወደ ፋርማሲ ልላክሽ ብላ ነው። ሰው እየሰማ መናገር ካልፈለግሽ «የግል ጉዳይ ነው» ማለት ይበቃል።

«ፓራሲታሞል ሰጥተው መለሱኝ» የሚለውን አቤቱታ በየቡናው እሰማዋለሁ። ግማሹ እውነት አይደለም፤ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አለመስጠታቸው ትክክል ነው። ግማሹ ግን እውነት ነው፣ ሰውም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 «ጄስ ሩል» (የጄስ ደንብ) የሚባል አሠራር ወጥቷል፤ ጄሲካ ብሬዲ የተባለች ወጣት ከጂፒዋ ጋር ከ20 ጊዜ በላይ ተገናኝታ ካንሰሯ ዘግይቶ በመታወቁ በ27 ዓመቷ ከሞተች በኋላ ነው። በአንድ ሕመም ሦስት ጊዜ ሄደሽ ምክንያቱ ካልታወቀ ወይም ከባሰብሽ፣ አሠራሩ ሐኪሙ ነገሩን እንደ አዲስ እንዲያየው ይጠይቃል። ስለዚህ ለስንተኛ ጊዜ እንደሄድሽ ቁጥሩን ተናገሪ። ሰውነትሽን ሲመረምሩ ሴት ሐኪም፣ ወይም ሌላ የሠለጠነ ሠራተኛ አብሮሽ እንዲቆም መጠየቅም ትችያለሽ።

ከበደሉሽ አቤቱታውን ለጂፒው ሥራ አስኪያጅ፣ ወይም ኢንተግሬትድ ኬር ቦርድ ለሚባለው የአካባቢው የኤንኤችኤስ አካል በ12 ወር ውስጥ ጻፊ። በአማርኛ ጽፈሽ የሚተረጉምልሽ ሰው ፈልጊ።

ስለ እናትሽ መድኃኒት ግን ምዝገባው እስኪያልቅ አትጠብቂ። ያልተመዘገበ ሰውም ቢሆን አስቸኳይ ሕክምና ሲያስፈልገው ጂፒ እስከ 14 ቀን ሊረዳው ይገባል፤ እንቢ ካሉሽ በኤንኤችኤስ የስልክ መስመር 111 ደውለሽ «አማርኛ» በይ፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ዕድሜያቸው 60 ከሞላ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ካልሞላም በመድኃኒት የሚታከም የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ነጻ የሚያደርጋቸውን የምስክር ወረቀት ፎርም ከጂፒው ጠይቂ። ወረቀቱ ሳይደርስ «ነጻ ነኝ» ብለሽ አትፈርሚ፣ ቅጣት አለው። ከአገር ቤት የመጣውን የኪኒን ካርቶን ባዶም ቢሆን አትጣይው፤ ስሙና መጠኑ የተጻፈበትን ነገ ጠዋት ይዘሽ ሂጂ።